ሃያ ግራም

በጥቅምት አጋማሽ፣ ኦስናብሩክ ሲዘንብ፣
ካርቶኑ ይመጣል፤ ይከመራል ደርብ በደርብ።
ስስ ወረቀቱን ገልጬ፣ ቀጭኑን ጌታ አወጣለሁ፣
የአምናውን ከጠረጴዛው አንስቼ፣ የዘንድሮውን አስቀምጣለሁ።
ያው ነው። ያው ግራጫ፣ ያው ልስላሴ፣ ያው ዝምታ፤
እሱ ሲቀጥን ነው ያደረው፣ ዋጋው ሲወፍር ማታ ማታ።

አለቃችን ዴትሌፍ፣ ጠዋት ሰብስቦ መክሮናል፦
«ትንሽ የምትል ቃል፣ ከዚህ ሱቅ ወጥታለች» ብሎናል።
«ትንሽ ፈጠነ አትበሉ፤ ፈጠነ በሉና ዝም።
ትንሽ ቀለለ አትበሉ፤ ሰው ቅንጣት አይገዛም።»

ሄር ሆልትካምፕ ግን መጣ፣ እንደ ልማዱ በሦስተኛው ቀን፤
ድሮ መሬት ቀያሽ ነበር፣ ዛሬም ዓይኑ የተወጠረ ገመድ፣ ቀጭን።
ከኮቱ ኪስ አወጣ፣ ባለመርፌ የደብዳቤ ሚዛኑን፣
«እስቲ» ብሎ ጫነበት፣ ገና ያልሞቀውን አዲሱን።
መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።
የአምናውን ከቦርሳው አውጥቶ ጫነ፤ በፀጉር ያህል አለፈች።
«ሃያ ግራም» አለ። ሳቀ። መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ።
«ለሃያ ግራም ቅነሳ፣ ይህ ሁሉ ዩሮ ተፈለገ?»

ላስረዳው ሞከርኩ።
ባትሪው ግማሽ ሰዓት ጨምሯል፣
ካሜራው ፊትን ያፈካል።
አየኝ። እንደ ሻጭ ሳይሆን፣ እንደ ሰው ልጅ ነው ያየኝ።
«ከአምና ወዲህ የደበዘዘው፣ ካሜራው ሳይሆን እኔ ነኝ።
ግማሽ ሰዓቱም ይኸው፣ አንተን ስጠይቅ አልቋል።
ማጠፊያው ይንቋቋ ነበር። እሱንስ አስተካክለዋል?»
ከፍቼ አሳየሁት።
ይንቋቋል።

ያኔ ነው ከቦርሳው ግርጌ፣ አንድ ፖስታ የወጣ፣
ጠርዙ የተላላጠ፣ ቴምብሩ ቀለሙን ያጣ።
ሚዛኑ ላይ ጣለው። መርፌዋ ሃያ ላይ ደረሰች፤
ሁለታችንም ዝም አልን፣ እሷ ብቻ ተንቀጠቀጠች።
«ለወንድሜ ነው፣ ብሬመን። በአንድ አጥር ተጣላን።
የአገሩን መሬት የቀየስኩ ሰው! ክንድ ለማትሞላ ድንበር ተጣጣልን።
ሦስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ይሄን ካወጣሁት» አለ፣
«የእኔም ከአዲሱ እኩል ቀለለ።»

ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ፣ ዝናብ ላይ፣
ቢጫው የፖስታ ሣጥን ዘንድ ቆሞ ነበር፣ እጁ ኪሱ ላይ።
ከተተው አልከተተው እንጃ። አውቶቡስ መጥቶ ጋረደው፤
ሲያልፍ፣ ሰውየውም የለም።

ወደ ማምሻው ቪብከ መጣች፣ የነርስ ተማሪ ናት፣
አሮጌዋን በፎጣ ጠቅልላ፣ ክዳኑን በቁስል ፕላስተር አሽጋባት።
ስድስት ዓመት ሠርታባታለች፤ ስትበራ እንደ ወፍጮ ታጓራለች፣
አንዲት ፊደል ሞታባታለች።
«ለእናቴ ማማ ብዬ ስጽፍ፣ አአ ብቻ ነው የሚወጣው፤
እሷ ያመመኝ መስሏት ትደውላለች፣ በዚያው ነው የምናወራው።»

አዲሱን ከፈተችው። ጆሮዋን አስጠጋች። «ይሠራል?»
«እየሠራ ነው» አልኳት። «ታዲያ ድምፁ የት ሄዷል?»
ጣሪያ ሲያፈስ እንዲህ ነው፤ ጠብታ ለቆጠረ ጠብታ፣
ባልዲውን ስድስት ዓመት ለረሳ ግን፣ አንድ ሌሊት የሞላ ይመስለዋል በደስታ።
ማጠፊያው መንቋቋቱን ሰምታለች። ግድም አልሰጣት።
ስክሪኑ ላይ ያለውን ስስ ላስቲክ፣ «እኔ ልላጠው?» አለች፣ ፈቀድኩላት።
ትንፋሿን ይዛ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ እንደ ቁስል ፋሻ በዝግታ
ላጠችና፣ ሳቀች።
ላስቲኩን ትታልኝ ሄደች፣ ባንኮኒው ላይ ጥላ።

ዴትሌፍ ሒሳብ ዘጋ። «ስንት ሸጥን?» አለ፣ ፊቱ ጠቁሮ።
«ትንሽ» አልኩት። ቃሏ ከሱቅ አልወጣችም ኖሮ።

መብራት ሳጠፋ አየሁት፤ ሆልትካምፕ ሚዛኑን ረስቷል።
የቪብከን ላስቲክ አጣጥፌ፣ ቀስ ብዬ ጫንኩበት።
ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ።

መርፌዋ አልተነቃነቀችም።